በሶውና ባቄላው ወደ ኢፍጣር ገበታችን ይመለሱ

ከላሊበላ ብዙም በማትርቀው ገነተ ማርያም፣ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ባለው የመጨረሻ ገበያ በየዓመቱ አንድ ነገር እናያለን። ከደጋው ገብስና ባቄላ በአህያ ጭነው የወረዱ ወገኖቻችን እህላቸውን ይሸጣሉ። በዚያው ብር የሚረጋውን ዘይት በጀሪካን፣ ስኳርና የፉርኖ ዱቄት ይገዛሉ፤ የተረፋቸው ደግሞ ለልጆቹ ባለቀለም የጠርሙስ መጠጥ ይጨምራሉ። የጾሙ ወር ገበታ እንዲያምር ነው፤ ክፉ ያሰበ የለም። እኛም በመስጊድ ስናስፈጥር ሳምቡሳውንና ስኳር የበዛበትን ሻይ ስናቀርብ ኖረናል። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ በሌላ ሰው ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም።

ይሁን እንጂ የዚህ ልውውጥ ሒሳብ ሲሠራ ኪሳራ ነው። ከቤት የወጣው እህል ወደ ቤት ከገባው ሸቀጥ ይሻል ነበር። ለጾመኛው አካልም ለመሬቱም የሚበጀው እርሱ ነበር።

በዐረብኛ ኪታቦች ውስጥ «ሰዊቅ» የሚባል ምግብ ደጋግሞ ይመጣል። ገብስ ወይም ስንዴ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ በውኃ የሚበጠበጥ የመንገደኛ ስንቅ ነው። ዐብደላህ ኢብኑ አቢ አውፋ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊምም በመዘገቡት ሐዲስ ላይ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በጉዞ ላይ ጾመው ሳለ ፀሐይ ስትጠልቅ ከሰዎቻቸው አንዱን ከግመሉ ወርዶ እንዲበጠብጥላቸው አዘዙት። ሰውዬው ገና ብርሃን አለ ብሎ ቢያመነታም ደጋግመው አዘዙት፤ በጠበጠላቸው፤ ጠጥተውም አፈጠሩ። ይህን ሐዲስ በልጅነታችን ስንቀራ፣ ሰዊቅ ምን እንደሆነ ለደረሳ ማስረዳት ለሸኾቻችን አልከበዳቸውም። «በሶ ነው» ይሉና ወደሚቀጥለው ያልፉ ነበር።

ዓኢሻም (ረ.ዐ.) ለታመመ ሰውና ሰው ለሞተበት ቤተሰብ «ተልቢና» እንዲሠራ ታዝዝ ነበር፤ ይህንንም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰማችው መሆኑን ተናግራለች። ተልቢና ቀጭን የገብስ አጥሚት ነው። እናቶቻችን ለአራስ የሚያፈሉት ማለት ነው። በዚያ ቤት የገብስ እንጀራ ተከታትሎ ሁለት ቀን የማይጠገብበት ጊዜ እንደነበርም ተዘግቧል። ያንን ቤት የምንወድ ሰዎች ገብስን የድሃ ምግብ ብለን ከእንግዳ ፊት መደበቃችን ግራ የሚያጋባ ነው። አንዳንድ ቤት ለኢፍጣር በሶ ማቅረብ እንደ ማፈሪያ ይቆጠራል። ያ ገብስ ግን ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ ሌላው እህል ብርድ በሚፈራበት ቦታ አያቶቻችንን ያኖረ ነው።

ስለ አካላችን እናንሳ። ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለ ሆድ በድንገት ስኳርና ነጭ ዱቄት ሲገባበት የደም ስኳር ቶሎ ይወጣል፤ ቶሎም ይወርዳል። ከመግሪብ በኋላ የሚይዘን ድብርት፣ በተራዊሕ መካከል የሚጥለን እንቅልፍ ከዚህ ጋር ግንኙነት አለው። የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ነገሩ ከድብርት ያልፋል፤ እንዲህ ያለው ሰው ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ አለበት። ገብስ ውስጥ ያለው የሚያጣብቅ አሰር ስኳሩ ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል። ለሱሑር በሶ የበላ ሰው እስከ ቀትር ጠንክሮ የሚቆየው በዚህ ነው። ባቄላና ምስር ሲጨመሩ ደግሞ ገብሱ የሚያንሰውን የገንቢ ምግብ ዓይነት ይሞሉለታል። እህልና ጥራጥሬ ተደጋግፈው ነው ሙሉ የሚሆኑት፤ እንጀራ በሽሮ የፈጠሩት እናቶች ይህን ያወቁት ከቤተ ሙከራ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል እናድርግ፤ ቡና ወዳዱ የወሎ ሰው ይቅር ይበለን። ባቄላና ምስር ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ሻይና ቡና ያግዱታል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ያለችበት ቤት፣ ቢያንስ ለእርሷ፣ ጀበናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ይዘግይ። ጎመን፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ ከጥራጥሬው ጋር ሲቀርብ ደግሞ ብረቱ በተሻለ ይገባል። ጥራጥሬ ሁሉ አንድ እንዳልሆነም እናስታውስ። ጓያ በችግር ጊዜ ለረጅም ወራት ብቻውን ሲበላ እግር የሚያሽመደምድ ሕመም እንደሚያመጣ አገራችን በመራራ መንገድ ተምራለች።

አሁን ወደ መሬቱ እንውረድ። የላስታ ገበሬ ሁለት ሦስት ጥማድ፣ ብዙውም ተዳፋት የሆነ መሬት ይዞ ነው ቤተሰብ የሚያስተዳድረው። አፈሩ በጎርፍ ታጥቧል፤ ወደ ማሳው መመለስ የነበረበት የከብት እበት ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይነዳል። ባቄላና አተር ለእንዲህ ያለው መሬት መድኃኒት ናቸው። አንድ የባቄላ እግር ነቅላችሁ ሥሩን ብትመለከቱ ትንንሽ እብጠቶች ታያላችሁ። እዚያ ውስጥ የሚኖሩ ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት ከአየር ላይ ናይትሮጂን እየያዙ ለተክሉ ይመግባሉ፤ ባቄላው ከተነሳ በኋላም ለሚቀጥለው ገብስ የሚተርፍ አለ። ገበሬዎቻችን ገብስና ባቄላን እያፈራረቁ የሚዘሩት ይህንን በዓይናቸው ስላዩ ነው። ያለዚያ በምትኩ የሚገባው ዩሪያ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ ከወደብ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ነው። በፋብሪካም የሚሠራው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው።

እንግዲህ ዓለም «ዘላቂ ልማት» የሚለው ነገር ለእኛ ከዚህ አይርቅም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ባጸደቃቸው 17 ግቦች ረሃብን ማጥፋት፣ ጤናን መጠበቅ፣ ሳያባክኑ ማምረትና መጠቀም ለየብቻ ተጽፈዋል። በገበታ ላይ ግን ሦስቱም አብረው ይቀርባሉ። የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ሲሶው ያህል ከምግብ ጋር የተያያዘ መሆኑን ሊቃውንቱ አስልተዋል፤ ከማሳው ጀምሮ እስከ ማጓጓዣው፣ እስከ ማብሰያውና እስከ ቆሻሻው ድረስ። ድርቅ ደጋግሞ የሚመታን እኛ ከዚህ ጥፋት ያዋጣነው ጥቂት ነው። ቢሆንም ገበታችን በሩቅ አገር ጉዳይ ውስጥ አለበት።

የሚረጋውን ዘይት እንውሰድ። ከፓልም ዛፍ የሚጨመቅ ነው፤ ከዓለም ምርት ከ80 በመቶ በላዩ ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ይወጣል። ዛፉን ለመትከል በእነዚያ አገሮች ሰፊ ደን ተመንጥሯል። በ2014 ዓ.ም. ረመዳን ሊጠናቀቅ ቀናት ሲቀሩት፣ ሚያዝያ 20 ቀን፣ ኢንዶኔዥያ የራሷ ሕዝብ ዘይት ተወዶበት ስለተቸገረ ወደ ውጭ መላኩን ከለከለች። እገዳው ከሦስት ሳምንት በላይ ቆየ። የዩክሬን ጦርነት ደግሞ አስቀድሞ የሱፍ አበባ ዘይቱን አስወድዶ ነበር። ያን ጊዜ ዘይት ፍለጋ የተንከራተተ ሰው አይረሳውም። ባሕር ማዶ የተወሰነ ውሳኔ የዒድ ዋዜማ መጥበሻችንን ሲያደርቀው አይተናል። የበሶውን ምጣድ ግን አላደረቀውም።

ማገዶም አለ። ሳምቡሳና ብስኩት በየምሽቱ እሳት ይፈልጋሉ፤ ያውም የሚንቀለቀል እሳት። በሶ አንድ ቀን ተቆልቶ ይፈጫል፤ ከዚያ ሳምንታት ያለ እሳት ይበላል። ቀኑን ሙሉ ጾማ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ የመጣች እናት ከመግሪብ በፊት ያለውን ሰዓት ዘይት ፊት ቆማ ባትጨርሰው፣ ያ ሰዓት ለዱዓ ወይም ለጥቂት ዕረፍት ይሆናት ነበር። ስለ ኢፍጣር ዝግጅት የምንናገር ወንዶች ይህን ሒሳብ ውስጥ ስናስገባ ብዙም አንታይም።

ዘንድሮ ደግሞ የጎረቤቶቻችን ዐቢይ ጾምና ረመዳናችን በቀናት ልዩነት ተከታትለው ገብተዋል። በአንድ መንደር የሁለቱም እምነት ቤቶች ጾመኛ ናቸው። የወሎን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ሥጋ ገበታችንን እንደሚለየው ያውቃል። በሠርግም በሐዘንም የእኛ ለብቻ፣ የእነርሱ ለብቻ ይታረዳል፤ ድስቱም ይለያል። ባቄላ ግን የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። ሽሮው፣ ንፍሮው፣ እልበቱ፣ የምስር ወጡ ከየትኛው ቤት ቢወጣ በየትኛው ቤት ይበላል። እነርሱ ከቅባትና ከሥጋ ተከልክለው ሳሉ እኛ በሥጋ የተሞላ ሳምቡሳ ብንልክላቸው የሚበላው የለም። በሳህን የተሸፈነ የባቄላ ወጥ ብንልክ ግን ቤቱ ሁሉ ይቀምሰዋል። በእነዚህ ዓመታት ስንት ነገር ሊያራርቀን ሞክሯል! አንድ ድስት የሚያቀራርበን ከሆነ ያንን ድስት መጣድ ለእኛ ቀላሉ ነገር ነው።

እዚህ ድረስ የተናገርነው ገብስና ባቄላ ላለው ሰው ነው። የሌለውስ? ላስታ 1966ን እና 1977ን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ያሉበት አገር ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጦርነቱ፣ የመንገድ መዘጋቱና የእንግዳ መጥፋቱ በእንግዳ ይተዳደሩ የነበሩ ቤቶችን ባዶ አድርጓቸዋል። ለባዶ ድስት ስለ ተመጣጠነ ምግብ መስበክ ነውር ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ድስቱ ውስጥ የሚገባው ከየት ይምጣ የሚለው ነው፤ ወደዚህ እንመለስበታለን። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን ጾሙ ያልተጻፈባቸው ሕፃናት ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 የኢትዮጵያ ሕፃናት 37ቱ መቀንጨር እንዳለባቸው አሳይቷል። በአማራ ክልል ቁጥሩ 41 ነበር። መቀንጨር ማለት ከቁመት ማጠር ብቻ አይደለም፤ አእምሮም አብሮ ይጎዳል፤ ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ ደግሞ መልሶ ማካካስ እጅግ ከባድ ነው። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከእኛ በስተሰሜን ባለችው በሰቆጣ ስም የተጠራውን ቃል ኪዳን ሲገባ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከመቀንጨር ነፃ ለማድረግ ነበር። የቀረው አራት ዓመት ነው። ቃል ኪዳኑ ግን በጽሕፈት ቤት ብቻ የሚፈጸም አይደለም፤ የሚፈጸመው በምድጃ ዙሪያ ነው።

የረመዳን ምድጃ ቀን አይነድም። አባት ይጾማል፣ እናት ትጾማለች፣ ትልልቆቹ ልጆችም ይሞክራሉ። የአንድ ዓመቱ ልጅ የትናንት ማታውን ቀዝቃዛ እንጀራ ሲያላምጥ ይውላል። ማታ ገበታው ሲቀርብ ደግሞ ተኝቷል። ይህን በብዙ ቤት አይተናል፤ በራሳችን ቤትም ያለፈ ነገር ነው። ስድስት ወር ያለፈው ሕፃን ጡት ብቻ አይበቃውም። በቀን ደጋግሞ፣ ወፈር ያለ ገንፎ ይፈልጋል። ገብሱ ከባቄላ ወይም ከሽንብራ ጋር ተፈጭቶ፣ ጠብ ያለ ዘይት ወይም ቅቤ ገብቶበት፣ ከተቻለም እንቁላል ተመትቶበት። እናት ጾመኛ ብትሆንም ለልጇ ቀን እሳት ማንደዷ ጾሟን አይነካም። የገንፎውን ጨው መጠን ለማወቅ በምላሷ ጫፍ ቀምሳ ብትተፋውም ዑለማዎች ለችግር ፈቅደዋል።

እንቁላሉ! ዶሮዋ የጣለችውን ሰብስበን ገበያ ወስደን ስኳር እንገዛበታለን። በልጁ አፍ መግባት የነበረበት ነገር በሻይ ብርጭቆ ውስጥ ይሟሟል። ስለ ጥራጥሬ ይህን ሁሉ የተናገርነው ሥጋና እንቁላል ክፉ ናቸው ብለን እንዳይመስል። በሀብታም አገሮች ሥጋን በየቀኑ የሚበላ ሰው ቢቀንስ ለራሱም ለምድርም ይበጃል። የእኛ ሕፃናት ግን የእንስሳት ተዋጽኦ በዛባቸው የሚባሉ አይደሉም፤ አነሳቸው እንጂ። ስለዚህ አዋቂው በባቄላው ይበርታ፤ እንቁላሉና ወተቱ ወደ ትንንሾቹና ወደ ነፍሰ ጡሯ ይሂድ።

ስለ ነፍሰ ጡሯ ደግሞ ግልጽ እንሁን። ለራሷ ወይም ለልጇ የምትፈራ ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት እንድታፈጥር ሸሪዓ ፈቅዶላታል። ሊቃውንት የተለያዩት በኋላ ቀዷ ማውጣት ብቻ ይበቃታል ወይስ ፊድያም ይጨመርባታል በሚለው ላይ ነው። ፈቃዱ ራሱ የማያከራክር ሆኖ ሳለ፣ አማት ወይም ጎረቤት ምን ትላለች በሚል እየተንገዳገዱ የሚጾሙ እኅቶች አሉን። ባሎቻቸው «አላህ የፈቀደልሽን እኔ አልከለክልሽም» ብለው በሰው ፊት ቢናገሩላቸው ነገሩ ይቀላል። አማቾችም፣ አላህ ያክብራችሁ፣ ቃላችሁ ከእኛ ኹጥባ ይልቅ ይሰማል።

በከተማ ለምትኖሩ ወንድሞችና እኅቶች የምንለው ሌላ ነው። በአዲስ አበባ በአንዳንድ ቤቶችና ሆቴሎች ኢፍጣር ሲባል ከአሥር ዓይነት በላይ ይደረደራል፤ ግማሹ በማግስቱ ይደፋል። በተባበሩት መንግሥታት ስሌት እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል፤ ከዚህም ትልቁ እጅ የወጣው ከመኖሪያ ቤት ነው። ቁርኣን በሱረቱል አዕራፍ መብላትና መጠጣትን ሲፈቅድ ማባከንን በዚያው አንቀጽ መከልከሉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሆድን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ ስለ መክፈል የተነገረውንም ሐዲስ እንዲሁ። ስለዚህ ብዙ አንደግምም። አንድ ነገር ብቻ፤ ከዚያ ገበታ ላይ ሁለቱን ዓይነት ቀንሳችሁ ዋጋውን ወደ ገጠር ዘመዳችሁ ብትልኩ፣ የላካችሁት ብር በዚያ ሳምንት ከደጋ ገበሬ ላይ ገብስ ይገዛል።

ድስቱ ውስጥ የሚገባው ከየት ይምጣ ብለን ነበር። አንዱ መልስ በእጃችን አለ። ዘካተል ፊጥር በኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ሐዲስ ላይ በእያንዳንዱ ነፍስ አንድ ቁና፣ ከቴምር ወይም ከገብስ ተብሎ ነው የተደነገገው። መስፈሪያው አራት እፍኝ፣ በሚዛን 2.5 ኪሎ ያህል ነው። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት 15 ኪሎ ያወጣል። አብዛኞቻችን የዒድ ጧት ተሯሩጠን፣ ከገበያ በጣም ርካሹን እህል ወይም የተነቀዘውን ፈልገን እንሰጣለን። የምናወጣው ራሳችን ከምንበላው ጥሩ ገብስ ይሁን። በየመንደሩ ያሉ ጀመዓዎች አስቀድመው ስም ቢይዙ፣ ከዒድ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይደርሳል፤ ሰሓቦችም እንዲህ ያደርጉ ነበር። ባቄላው ደግሞ ሶደቃ ሆኖ ከገብሱ ጋር ይከተል። ባቄላ ለብቻው ለፊጥራ ይበቃል ወይ የምትሉ በየመዝሀባችሁ ሸኾቻችሁን ጠይቁ። ገብስና ባቄላ አብረው የደረሱት ቤት ግን ከዒዱ ቀን በኋላም ሳምንታት የሚያበላ ነገር ያገኛል።

በእኛ በኩል ለመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች የመስጊዱ ኢፍጣር ያለ ሳምቡሳ እንዲሆን ተነጋግረናል። በሶ፣ የገብስ ሾርባ፣ የባቄላ ወጥና ውኃ ይሆናል። ቴምሩን ለአንድ ሰው ሦስት ፍሬ አድርገን ቆጥረናል። ገብሱን የሚቆሉ ሁለት ቤቶች ተገኝተዋል፤ ወፍጮውን አንድ ወንድም ችሏል። ማር ያላችሁ ጥቂት ብታመጡ ብርዝ በዕለቱ በጥብጠን፣ ሳያድር እንጠጣዋለን። በሳህን ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የሚሄደውን ወጥ ወጣቶቹ ያደርሳሉ። የሕፃናቱ እንቁላል ግን እስካሁን አልተሟላም፤ ዶሮ ያላችሁ ከተራዊሕ በኋላ ንገሩን።